ዛንዚባርና የጋሽ ሽፈራው ድንኳን

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ምሳ ላይም ዛንዚባር። ቁርስ ላይም እሱው ነበር። እማዬ ሽሮ እያወጣች እዚያ ሽሮ ይገኛል ወይ ትላለች። አባዬ ዓሣ ሞልቷል ይላል። እማዬ እኔ ስለ ዓሣ ጠየቅኩህ ወይ ትላለች። የቤታችን ከፍተኛ ስብሰባ ይኸው ነው።

አንተ ደብተር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ የሆቴል ፍሪጅና ኤሲ ጠጋኝ ነው። ይሠራበት የነበረው ሆቴል ለእድሳት ብሎ ተዘጋ፤ እድሳቱም ሆቴሉም እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ የጎረቤት ፍሪጅ ይጠግናል፤ ክፍያው በአብዛኛው ምርቃት ነው። አሁን የድሮ የሥራ ጓደኛው ዛንዚባር ባሕር ዳር ካለ ሆቴል ሥራ አገኘለት። ለቤተሰብ መኖሪያም አለው። መልስ የሚፈለገው እስከሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ።

እኔ ወስኛለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቁ ውሃ የቢሾፍቱ ሐይቅ ነው፤ እሱንም እማዬ ቀሚሴን ከኋላ ጨምድዳ ይዛ። የአዳማን አቧራ ለሚወደው ሰው ትቻለሁ። ስዋሂሊ ከዩቲዩብ ጀምሬያለሁ። አያቴን አባባን "ሀባሪ"፣ እንደምን ዋሉ ለማለት፣ አልኳቸው። በኦሮምኛ "አካም ጅርታ" ብለው መለሱልኝ። ተግባብተናል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17፣ ከመኝታ በፊት

አባባ አይሄዱም። የአባዬ አባት ናቸው፤ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ አሁን የሠፈሩ እድር ዳኛ። እኛን ግን ሂዱ ይላሉ። እኔ ዕቃ ነኝ የምታጭቁኝ፣ እድሩን ለማን ጥዬ ነው አሉ። አክስቴ ከሁሩታ እየተመላለሰች ታያቸዋለች ተባለ። አባባ ያን ሁሉ ዘመን ቦይለር ሳንቀሳቅስ ኖሬ አንዲት ምድጃ ታቅተኛለች ወይ ብለው ተቆጡ። ምድጃው ላይ ተጥዶ የነበረው ሻይ በዚህ መሃል ገነፈለ።

የስልካቸውን ጥሪ በዶሮ ጩኸት ቀየርኩት። ሲጮህ ግቢውን ዞረው ዶሮ ፈለጉ። ዶሮ የለንም።

ማታ ላይ አንድ ባጃጅ ነጂ አባባን በር ላይ አወረደልኝ። "ሽፍት አለብኝ፣ ወንጂ አድርሰኝ ብለውኝ ነው፤ ሳውቃቸው ጊዜ መለስኳቸው" አለኝ። አባባ ቀልዴን ነው አሉ። እኔም ሳቅኩ። ቀልድ ሲጀምሩ ደግሞ ጥሩ ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 21

የእድር ስብሰባ። አጀንዳው እኛ። ደሴት ላይ የሚኖር ቤተሰብ አባልነቱ ይቀጥላል ወይስ ይሰረዛል? ደብተር፣ እነዚህ ሰዎች ገና ሳንሄድ ቀብረውናል። ጋሽ ሽፈራው፣ የእድሩ ዋና ተከራካሪ፣ ሬሳው በአውሮፕላን ቢዘገይ ድንኳኑ ለስንት ቀን ይተከላል ብለው ጠየቁ። እኔ ሻይ እያደልኩ ለቅሶውን በቪዲዮ እናስተላልፋለን አልኩ። ወጣቶቹ ሳቁ፤ እማዬ በዓይኗ ገደለችኝ። እሷ በዚህ አትቀልድም። የሚቀብራት ሰው በሌለበት አገር መኖር አትችልም፤ ባሕሩን ሳይሆን ይህን ነው የምትፈራው።

በመጨረሻ ተወሰነ። ከቤቱ አንድ ሰው ቀብር የሚደርስ፣ ለቅሶ የሚቀመጥ እስካለ ድረስ አባልነቱ ይቀጥላል። አባባ "እኔ አለሁ" አሉ። አለቀ። እማዬ በስንት ቀኗ ፊቷ ተፈታ። እንሄዳለን!

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ሳይነጋ የእድሩ ጥሩንባ። ጋሽ ሽፈራው አርፈዋል።

የሠፈሩ ልጆች ድንኳን ይዘው ወደ ደጃቸው ሮጡ። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች። እኔም ትንሽ አለቀስኩ፤ እሑድ ስላሾፍኩባቸው። ድንኳኑ ግማሽ ሲቆም የግቢው በር ተከፈተና ጋሽ ሽፈራው መፋቂያ በአፋቸው ይዘው ወጡ።

"ማን ሞቶ ነው?"

ጥሩንባ ነፊው መሬት መሬት እያየ፣ "እርስዎ ነዎት ጋሼ" አለ።

ቀኑን ሙሉ ሠፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሽፈራው ማን እውነት እንዳለቀሰ፣ ማን እንደመጣ ብቻ እየለዩ ዋሉ። ጥሩንባውን ያስነፉት አባባ ነበሩ፤ ሌሊት ሰው ደውሎ ነግሮኝ ነው አሉ። ሁሉም ኔትወርኩን ረገመ፣ ተረሳ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። የአባባ ስልክ ከትናንት ማታ ጀምሮ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ዶሮውን በአህያ ልቀይረው ወስጄው፣ ባትሪው አልቆ ተዘግቶ አደረ። ማንም አልደወለም። መደወልም አይችልም።

የረቡዕን ገጽ መልሼ አነበብኩ። ወንጂ አድርሰኝ። ቀልድ አልነበረም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

እማዬ ብርድ ልብሶቹን ለጎረቤት ማከፋፈል ጀምራለች። አባዬ ያፏጫል። ሲያፏጭ ከሰማሁት ቆይቷል።

አባባ በረንዳ ላይ ጠሩኝ። ስልኩ አንቺ ጋ ነበር አይደል አሉ። አዎ። ጮኾ ነበር? መዋሸት እችል ነበር፤ በዚህ ጎበዝ ነኝ። አልጮኸም አባባ አልኩ። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ፊታችን ላይ ይበትናል፤ አላበሱትም።

ከዚያ ቀስ ብለው፣ "እንግዲህ ትኬቱ እስኪቆረጥ ለማንም ሳትነግሪ ቻይው። ልጄ በኔ ምክንያት በረንዳ ላይ አያርጅ" አሉኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ት/ቤት አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል ብዬ። ከምሳ በኋላ አባዬ ይደውላል።

ስዋሂሊውን ከስልኬ አጠፋሁት። መልሼ ጫንኩት። መልሼ አጠፋሁት። ዝም ካልኩ ባሕሩ የኔ ነው። አባባ ደግሞ አንድ ቀን ሽፍት ብለው ይወጡና የሚያውቃቸው ባጃጅ አያገኙም። ከተናገርኩ የአባዬ ፉጨት ያልቃል። እማዬ ከነብርድ ልብሷ ትቀራለች። አባባ ደግሞ ዳኝነታቸውን ይነጠቃሉ፤ እሱን እንዴት እንደሚችሉት አላውቅም። ምናልባት አባዬ ብቻውን ይሂድ ይባላል። ምናልባት እኔ ከአባባ ጋር እቀራለሁ፤ ቀብር የሚደርስ አንድ ሰው ከተባለ እኔም ሰው ነኝ። ይህን ግን እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም።

አባባ በእድሩ የማያልፉት አንድ ሕግ አላቸው። ሰው በሌለበት ጉዳዩ አይነሳም። ሌባም ቢሆን ይጠራል፣ ይቀመጣል፣ ፊት ለፊት ይነገረዋል።

አባዬ ስልኩን ይዞ ሳሎን ገብቷል። እማዬ አጠገቡ ናት። እኔ መጀመሪያ የአባባን ወንበር ከበረንዳ አስገባለሁ፣ እሳቸውን እጃቸውን ይዤ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ እሳቸው እየሰሙ እናገራለሁ። እሺ ብዬ በማፍረሴ ቅጣት አለብኝ። ቅጣቱን ዳኛው ይወስኑ፤ ገና ዳኛ ናቸው።