የዳማ ጾም

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ሱቁን በጊዜ ዘግቼ እንጦጦ ማርያም ጸበል ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ሦስት ጎረምሶች አንድ ውሻ ከባሕር ዛፍ ጋር በሽቦ አስረው በድንጋይ ይቀጠቅጡታል።

«በግ በልቷል» አለኝ አንዱ።

አይተሃል? አላየም! ደሜ ፈላ። የጸበሉን ጀሪካን ጀርባው ላይ አሳረፍኩለት። ሌላው የወረወረው ድንጋይ ትከሻዬን አገኘኝ። «እትዬ፣ እብድ ነሽ እንዴ?» አዎ፣ እብድ ነኝ! ድንጋይ ሳነሳ ሸሹ።

ሽቦው አንገቱ ውስጥ ገብቷል። ስፈታለት እጄን ነከሰኝ። እኔም በጥፊ አልኩት። ተፋጠጥን... ከዚያ እያነከሰ ተከተለኝ። ልጄ ናዝሬት በሩን ከፍታ ጮኸች። «እማ! የማን ደም ነው?» የሁለታችንም።

ጥር 29፣ ሐሙስ

እኔም እሱም መርፌ ተወጋን። እሱ ዝም አለ፣ እኔ ጮህኩ። መልኩ ዳማ ስለሆነ ዳማ አልኩት።

የካቲት 9፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ አጥሩ ሥር ሰው ያለቅሳል። ሌባ! ዳማ ጭኑን ይዞ አልለቅም ብሏል። ግቢው ደም በደም። «ያስለቅቁኝ፣ በማርያም!» ትንሽ ቆየሁ እንጂ አስለቀቅኩት። ለዳማ አንድ ኪሎ ሥጋ ገዛሁለት። የእኔ ጀግና! እንዲህ የምወደው ለምንድን ነው?

የካቲት 17፣ ሰኞ

ዐቢይ ጾም ገባ። ድስቱ ሁሉ በአመድ ታጠበ። ለዳማ እንጀራ በሽሮ። አሽትቶ አየኝ።

«እማ፣ ደግሞ ውሻ ይጾማል እንዴ?»

በእኔ ቤት ይጾማል። እናቴም ቤት ውሻችን ይጾም ነበር፣ አልሞተም።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ናዝሬት ሲ.ኤም.ሲ ካለ ሆቴል አጥንት በፌስታል ይዛ መጣች። በጾም! ገደል ወረወርኩት። ዳማ ተከትሎ ሮጠ፣ ከአፉ ነጥቄ በዱላ መታሁት። አልሸሸም። ተኝቶ ተመታልኝ፣ ጅራቱን እየቆላ... ጎድኑ ወጥቷል። ናዝሬት አታናግረኝም። ፋሲካ ደርሷል፣ ምን አለበት ቢታገሥ?

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ጎረቤቴ ጋሽ ወልደሰንበት ለፋሲካ ካደለቧቸው በጎች አንዱን ጅብ ዘነጠለባቸው። ጠዋት በሬ ድረስ መጡ። «ወርቅዬ፣ ትራፊውን መርዝ ለውሼ ከአጥሬ ጀርባ ጥዬዋለሁ። ጅቡ መመለሱ አይቀርም። ውሻሽን እሰሪ።»

አሰርኩት። በአዲስ ገመድ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ገመዱን በጥርሱ በጥሶታል።

ያገኘሁት ከአጥራቸው ጀርባ ነው። አረፋ ይደፍቃል፣ እግሮቹ እንጨት ሆነዋል፣ መሬቱን በራሱ ይመታል። ናዝሬት ወተት ይዛ ሮጣ መጣች። መንጋጋውን ፈልቅቄ አፈሰስኩበት። ጣቴን እስከ አጥንቱ ነከሰኝ። ይንከሰኝ! ወተቱ ከደሜ ጋር ተመልሶ ወጣ። አንዴ ተወጠረ... ጭኔ ላይ ቀረ።

ቤት ገብቼ ዘነዘናውን አነሳሁ። በሕማማት ሰላምታ እንኳ አይባልም፣ እኔ ዘነዘና ይዤ የሰው ግቢ ገባሁ። «ገዳይ! ውጣ!» አንቱታው ከአፌ ጠፋ። ክንዳቸውን መታሁት። ሲሰበር ሰማሁት።

መሬት ላይ ሆነው «ነግሬሽ አልነበረም?» አሉኝ። «በረሃብ የጨረስሽው ማን ነው? ቢጠግብ ይመጣ ነበር?»

ያኔ ነው ጭንቅላታቸውን ልል ያነሳሁት። ናዝሬት እጄ ላይ ተንጠለጠለች። «እማ፣ ትገያቸዋለሽ!» አዎ፣ ልገድላቸው ነበር። ስለዋሹ አይደለም፤ እውነቱን ስለተናገሩ ነው።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ትናንት በዋስ ወጣሁ። ዶሮው ቀረበ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጾም ሳልፈታ ዋልኩ። ናዝሬት አጥንቱን ስትግጥ አየሁና ሳህኑን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ልጄ ምን አደረገች?

ግንቦት 3፣ እሑድ

ሽማግሌዎች አስታረቁን። የጋሽ ወልደሰንበትን ጉልበት ሳምኩ። ክንዳቸው ጠማማ ሆኖ ገጥሟል፣ በሌላው እጃቸው አነሱኝ። «ይቅር ይበለን» አሉ። ስለ ዳማ ማንም ትንፍሽ አላለም። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ፍልሰታ ነው። ናዝሬት ካራ ሰፈር መኪና የገጨው ውሻ በካርቶን አምጥታለች። የኋላ እግሩ ደቋል፣ ቆዳውና አጥንቱ ተጣብቋል። ለሌላ ውሻ ልብ የለኝም አልኳት። «እሺ፣ መልሼ ልጣለው?» አለች። አፏን ዝጊ አልኳት።

ያልተዘጋ ሥጋ ቤት ፈልጌ ጉበት ገዛሁ። በራሴ ድስት ጣድኩት። ሽታው ሰፈሩን ሞላው።

የንስሐ አባቴ አባ እንድርያስ ጸበል ሊረጩ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ።

«ወርቅአየሁ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ጉበት ነው፣ አባ። የውሻው ነው።»

«በፍልሰታ? በዚህ ድስት?»

«በዚሁ ድስት።»

ጭልፋው እጄ ላይ ነበር። አጥብቄ ይዤዋለሁ... እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ድስቱን አውርጂ ቢሉኝ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። አላሉኝም። መስቀል ሳያሳልሙኝ ወጡ።

ጉበቱን ቆራርጬ እፍ እያልኩ በእጄ አጎረስኩት። ጠግቦ ጣቶቼን ላሳቸው።

ዳማን በእጄ አጉርሼው አላውቅም።