በጥርጣሬዬ የተጣለ ኪኒን

አስራትዬ፣ የልጄ አባት፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ብትመልስልኝም ማን አስተምሮህ ነው ማለቴ አይቀርም። ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፤ ሐዘኑ ግን አልወጣልኝም።

ቤቱ ተለውጧል። ልጃችን ማርታ አስተማሪ ሆና በደመወዟ የዛገውን ቆርቆሮ አስለወጠችው። በደጃችን ባጃጅ ሲመላለስ ይውላል። የማር ባልዲዎችህን ግን ለማንም አልሰጠሁም፤ የቦንጋ ዝናብ መች ይጠፋል፣ ውኃ አጠራቅምባቸዋለሁ። ጠባዬም እንዳለ ነው። የጎረቤት ዶሮ ግቢያችን ከገባች ማን ላካት እላለሁ። «አልሚ፣ አንቺ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አሁን የሚስቅብኝም የለ።

ይህን መጻፌ ያለ ነገር አይደለም። ባለፈው ሳምንት ራሴን ሲያዞረኝ ሰንብቶ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ክንዴን አስራ ለካችኝና ደም ብዛት አለብዎት አለችኝ። ኪኒን ሰጥታኝ፣ በየቀኑ፣ ሳያቋርጡ፣ ዕድሜ ልክዎን ነው የሚወስዱት አለች። ያን ስሰማ አንተ ትዝ አልከኝ። አንተንም እንዲሁ ብለውህ ነበርና።

ማርታ ስምንተኛ ክፍል እያለች ኮትህን ላጥብ ብዬ ኪሱን ስፈትሽ ኪኒን አገኘሁ። ላጥብ ያልኩት ውሸቴን ነው፤ ልፈትሽ ብዬ ነው። የደም ብዛት ነው አልከኝ። ደም ብዛት ያለበት ሰው ይተኛል እንጂ እንዳንተ ሁለት ባልዲ ማር ተሸክሞ ዳገት ይወጣል? አልኩ በሆዴ። ያኔ በየስብሰባውና በየግድግዳው ወሬው ሁሉ ስለዚያ በሽታ፣ ስለ ኤድስ ነበር፤ ዕድሜ ልክ ኪኒን የሚውጡትም እነሱ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። አንተ ደግሞ ማር ልገዛ ብለህ ዋጫ ታድራለህ፣ ደካ ታድራለህ። ነገሩን ገጣጠምኩትና አልጋ ለየሁ። እንመርመር አልክ፤ ተመረመርን፤ ሁለታችሁም ነጻ ናችሁ ተባልን። እሱንም አላመንኩም፣ መርማሪውን ሳታውቀው አትቀርም ብዬ። በመጨረሻ ታከተህ። ኪኒኑን ዓይኔ እያየ ሽንት ቤት ጨመርከውና «የቤቴ ሰላም ይበልጥብኛል» አልክ። ከዚያ ወዲያ አንድም አልዋጥክ። ደስ አለኝ፣ አስራትዬ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ መርሳት ጀመርክ። መጀመሪያ ባልዲህን መኪና ላይ ጥለህ መጣህ። ቀጥሎ የማርታን ስም ስትፈልግ አየሁህ። ከዚያም ምሳ በልተን እንደተቀመጥን ብድግ ትልና ጫማህን አጥልቀህ «እንግዲህ ወደ ቤቴ ልሂድ» ትል ጀመር። ቤትህ የት ነው ብልህ በእጅህ የዋጫን መንገድ ታሳየኛለህ። ሌላዋ ሴት ብትሆን ባሌ ምን ነካው ብላ ትደነግጥ ነበር። እኔ ግን ይኸው በገዛ አፉ አወጣው አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ነጠላዬን አጣፍቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዋጫ ደርሼ ስጠይቅ፣ የማር ነጋዴው አስራት መኪና መቆሚያው አጠገብ ምግብ ከሚሸጡት ከእትዬ ዘነበች ቤት አይጠፋም አሉኝ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ገባሁ። ሴትዮዋ እናቴ የሚሆኑ አሮጊት ናቸው። ሚስቱ ነኝ ስላቸው ተቆጡኝ። «ምነው ልጄ፣ ይኼን ሰው ብቻውን ትለቁታላችሁ? ከመኪና ወርዶ ዋጫ የት ነው ብሎ እኔኑ ይጠይቀኛል። ስንት ቀን እጁን ይዤ ወደ ቦንጋ አሳፈርኩት!» አሉኝ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ እሳቸውንም ለመጠርጠር ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

በሳምንቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩህ፤ ሐኪሙ ግፊትህን ለካ። ከዚያ ሳይታከም ዓመታት የቆየ ደም ግፊት የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደሚጎዳ፣ ማስታወስንም እንደሚያዳክም አስረዳኝ። ክንድ ላይ የሚለካ ነገር ከጭንቅላት ጋር ምን አገናኘው ብዬ ተከራከርኩት። ኪኒኑን ስላቋረጠ ነው ወይ? ብዬ ስጠይቀው ደግሞ፣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፣ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል አለኝ። ይህን ያለኝ ሊያጽናናኝ ይመስለኛል። እስከ ዛሬ እጠረጥረዋለሁ።

ቀስ በቀስ አማርኛው ጠፋህና የልጅነት ቋንቋህ ካፊኛ ብቻ ቀረህ። እኔ የጎጃሟ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቦንጋ ኖሬ ካፊኛዬ ከገበያ አላለፈም። እንዳልሰማህ ሆን ብለህ የምታወራው መስሎኝ ማርታን አስተርጉሚልኝ እላት ነበር። አንድ ቀን ገንፎ ሳጎርስህ እጄን በትሕትና መለስክና የሆነ ነገር ተናግረህ ተነሣህ። ማርታ እየሳቀች እያለቀሰች ነገረችኝ። ለካስ «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ባለቤቴ ትጠረጥረኛለች፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» ነበር ያልከው። መልኬም ስሜም ከራስህ ወጥቶ ጥርጣሬዬ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያን ቀን ጓዳ ገብቼ ያለቀስኩትን ማርታም አላየችም።

አሁን ተራው የኔ ነው። ኪኒኔን በየጠዋቱ ሰው እያየኝ እውጣለሁ። ቁልፍ ያስቀመጥኩበት ሲጠፋኝ ግን ባንተ ፈንታ ራሴን እጠረጥራለሁ። ሞት አይደለም የሚያስፈራኝ፤ አንተን መርሳት ነው። አልረሳህም ብዬ ቃል እገባልሃለሁ። ነገር ግን የሰው ቃል መች አምኜ አውቃለሁና የራሴን አምናለሁ? ስለዚህ ለማርታ አደራ ብያታለሁ። ምናልባት አንድ ቀን ፎቶግራፍህን አይቼ ይህ ሰውዬ ማን ነው ካልኳት፣ ባልሽ ነው ብላ ብቻ እንዳታልፈኝ። «ያላመንሽው ሰው ነው፤ አንድም ቀን አልዋሸሽም» ትበለኝ።

ሚስትህ አልማዝ