በአደራ የተላከው ካሜራ

መስከረም 20፣ ቅዳሜ ጧት

ጥጡ አልበቃም። ትራሴን ቀድጄ ጨመርኩበት። ካሜራው መሐል፣ ጥጡ ዙሪያውን፣ ከዚያ ጭድ፣ ከዚያ የእንጨት ሳጥን። አናጢው ክዳኑን አጣሞ ሠርቶት ምስማሩን ነቅዬ እንደገና መታሁ። አውራ ጣቴ ደምቷል። ደብተሬ፣ ይህ ነጠብጣብ ቀለም አይደለም።

ባሌ ታደሰ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። እሱ ይህንኑ ካሜራ በነጠላ ጠቅልሎ፣ በበቅሎ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ሄዶ ሠርግ አንስቶ ይመለስ ነበር። እኔ ደግሞ ጨለማው ክፍል ውስጥ ወረቀት ሳጥብለት፣ ሳሰጣለት ኖርኩ። አሁን ዕቃውን እሸጣለሁ። ኅዳር ላይ የሙት ዓመቱ ነው። ታላቅ ወንድሙ አያ ወልዴ በየሳምንቱ ከዳባት ለገበያ በወረደ ቁጥር አንድ ነገር ነው የሚለኝ፤ ተዝካሩ ካላማረ አገር ምን ይለናል።

ገዢው አቶ ከበደ ይባላል። አ.አ. አራዳ ላይ ፎቶ ቤት አለው። አይቼው አላውቅም። ግማሹን ቀብድ ብሎ በሐዋላ ላከልኝ፤ ቀሪውን ዕቃው በደረሰኝ ቀን እልካለሁ አለ። አጻጻፉ ጨዋ ነው። አመንኩት።

መስከረም 22፣ ሰኞ

ፖ/ቤት ዋልኩ። ሰልፍ። ጸሐፊው ጠየቀኝ፤ በአደራ ነው ወይስ እንዲያው? በአደራ። ዋጋው ተገምቶ ይሂድ? ቢጎዳ ወይም ቢጠፋ ይካሳል፤ ለግምቱ ግን የተለየ ክፍያ አለው። አያ ወልዴ አብሮኝ ነበር። ክንዴን ጎተተኝ፤ አደራ ከተባለ ምን ጎደለ፣ ገንዘብ መበተን ነው አለኝ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንደምል እንጃ።

ሳጥኑን በአቡጀዲ ሰፍቼዋለሁ። በስፌቱ ላይ ቀይ ሰም አንጠባጥበው ማኅተም መቱበት። ሸጋ ሆኖ ሄደ።

ቤት ስገባ መደርደሪያው ባዶ። በሩን ዘጋሁበት። የጨለማውን ክፍል በር ማለቴ ነው።

ጥቅምት 3፣ ዓርብ

ምንም። ገንዘብም የለ፣ ደብዳቤም የለ።

አያ ወልዴ ግን ዕረፍት የለውም። በቀብዱ ጌሾ አስገዛኝ። ገብስ አስገዛኝ። አሁን ድንኳን ይላል። አባባ፣ ቄሱ አባቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ ለነፍስ የሚደርሰው ጸሎቱ ነው፣ ጠላው አይደለም አሉ። አያ ወልዴ ሳቀ። አባባም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ደብራቸውን አገልግለው ሲመለሱ መጽሐፍ ይደጉሳሉ፤ ቀኑን ሙሉ ቆዳና መርፌ ነው። ከሰው ጋር መከራከር አይወዱም። እኔ የወረስኩት ይህንኑ ይሆን?

ጥቅምት 8፣ ረቡዕ

ከፖ/ቤት ጠሩኝ። ገንዘቡ መጣ ብዬ ነጠላዬን በወጉ ሳልለብስ ሮጥኩ።

ሳጥን ነው። የራሴው ሳጥን። በሌላ አቡጀዲ ተሰፍቶ፣ በሌላ ሰም ታትሞ። ቁራጭ ወረቀት አለበት፤ መስታወቱ ተሰንጥቆ ደርሶኛል፣ ጥፋቱ ያስተሻሸግሽ ነው፣ ዕቃሽን ተረከቢ፣ ቀብዴን መልሺ።

ቀብዱማ ጌሾ ሆኗል!

ቤት ወስጄ ከፈትኩት። እውነት ነው፣ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ጥጥ። ምን አጎደልኩ? ጭዱን ልጨምር ይገባ ነበር? ታደሰ አንድ ቀን ሳይጥለው የኖረውን እኔ በአንድ መንገድ ሰበርኩት።

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ደብተሬ፣ ይህን ደግሞ ስሚ።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ስነፈርቅ አገኙኝ። ካሜራውን አንስተው አገላበጡት። ከፊቱ እንደ ወናፍ እየተዘረጋ የሚታጠፍ ቆዳ አለው። ካቻምና የእኛው እጥፋቱ ላይ ተበስቶ ብርሃን እያስገባ ታደሰን ሲያስቸግረው፣ አባባ መጽሐፍ ከሚደጉሱበት ቀይ የፍየል ቆዳ ቆርጠው ለጥፈው ሰፍተውለት ነበር።

«እስቲ ዘርጊልኝ» አሉኝ። ዘረጋሁላቸው። ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

«የሺ፣ ይህ የእኛ አይደለም።»

«እንዴት አባባ?»

«የለጠፍኩት ቆዳ የታለ? እሺ እሱ ተነቀለ እንበል፣ ቀዳዳውስ? ይህን ቆዳ መርፌ ነክቶት አያውቅም።»

አየሁ። አንድ ዓይነት ሥሪት፣ አንድ ዓይነት ቁመት፣ ያው ጥቁር። ቆዳው ግን ደህና። የእኛን አስቀርቶ የራሱን ስባሪ ላከልኝ። እኔ ደግሞ ከጧት ጀምሮ ለሰው ካሜራ ሳለቅስ!

ጥቅምት 10፣ ዓርብ

ፖ/ቤት። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ያ ነው የባሰው። ክፉ ቢሆን እሰድበው ነበር።

«እመቤቴ፣ አደራው የሳጥኑ ነው» አለኝ። «ሳጥኑ ሄደ፣ ሳጥኑ ደረሰ፣ ፈርሞ ተቀበለ። ውስጡን እኛ አላየነው።»

ሲታሸግ ማን አየ? አለኝ። ድመቷ። የካሜራውን ቁጥር ጽፈሽ ይዘሻል? ለካ በመስታወቱ ዙሪያ ቁጥር ተቀርጾበታል። ስንት ዓመት በጨርቅ ስወለውለው የኖርኩትን አንድ ቀን አላነበብኩትም። ዋጋውስ ተገምቶ ነበር? አልተገመተም።

ወጥቼ በእግሬ እየተራገምኩ መጣሁ። ቤት ገብቼ የምቀመጥበትን ዱካ ረገጥኩት። ዱካው ምንም አልሆነ፣ ጣቴ አበጠ።

ጥቅምት 11፣ ቅዳሜ

አያ ወልዴ ከገበያ ጎራ አለ። ነገርኩት። ሐዘኑ ነው አለ፣ ሐዘን ሰውን ያጠራጥራል። የአዲስ አበባ ሰው፣ ሱቅ ያለው፣ ለዚህች ይዋሻል? መንገድ ሰበረው፣ አለቀ። አሁን ካሜራውን አሠርተሽ ለሌላ ሽጪ። ደግሞስ በሽማግሌ ዓይን ስፌት ይለያል?

አባባ ጥግ ተቀምጠው ሰሙ። ክሩን በምራቃቸው አሹለው በመርፌው ቀዳዳ አሳለፉና መስፋታቸውን ቀጠሉ።

እኔ እስከ በሩ ሸኘሁት። ሌሊቱን ሙሉ የምለው ሲመጣልኝ ሊያድር ነው።

ጥቅምት 13፣ ሰኞ

ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄድን። አባባ ስለ ስፌታቸው ሊመሰክሩልኝ ጥቁር ካባቸውን ለብሰው መጡ። መሐላ የሚባል ነገር አይወዱም፤ ካህን ነገር ሲያረጋግጥ አዎን ወይም አይደለም ይበቃዋል ይላሉ። ቢሆንም መጡ።

ጸሐፊው ሁሉንም አዳመጠ። ሲያበቃ፣ ተከሳሽ ባለበት አገር ነው የሚከሰሰው፣ አዲስ አበባ ውረዱ አለን። እዚያ ስንት ቀጠሮ ይሆናል? እሱን እግዜር ያውቃል።

አባባ በዚህ ጉልበታቸው? ለስንት ቀጠሮ? የት አድረን? ሰውየውም ይህንኑ አስቦ ነው። ሩቅ ነች፣ ባል የላትም፣ ሴት ነች። ሳይሰፍር ሳይመዝን አይደለም የነካኝ።

ቤት ስንደርስ አባባ፣ በርቺ ብቻ አሉኝ። በምን ልበርታ?

ጥቅምት 17፣ ዓርብ

ይማም መጣ። እዚሁ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖር ሹፌር ነው፤ በትሬንታ ኳትሮ የጭነት ማኪናው ከሳንጃ ሰሊጥ ጭኖ እስከ አ.አ. ይመላለሳል። ታደሰ ከማኪናው ጋር አቁሞ አንስቶት ነበር፤ ያንን ፎቶ እስከ ዛሬ ከመሪው በላይ ሰክቶታል። ወደ አ.አ. ሊሄድ ነውና የምትልኪው ካለ ብሎ ሊጠይቀኝ ነው የገባው።

የምልከው አለኝ ወይ! ዘረገፍኩለት።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ የሱቁን አድራሻ ጠየቀኝ።

«ይማም፣ አደራህን፣ እንዳትጣላ።»

«ምን ያጣላኛል እቴ የሺ? ፎቶ ልነሳ ነው የምሄድ።»

አባባ ተነሥተው ከዚያው ከቀዩ የፍየል ቆዳ ትርፍራፊ ቆርጠው ሰጡት። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ጥቅምት 28፣ ማክሰኞ

ይማም መንገድ ላይ ነው። ወይ አግኝቶታል፣ ወይ ሱቁ ዝግ ነው፣ ወይ ካሜራው ተሸጧል። ቡሃቃ አጥቤ መልሼ አጠብኩት። አያ ወልዴ ሰው ልኮ የድንኳኑን ነገር ጠየቀ። ድንኳን በምን? በስባሪ መስታወት?

ኅዳር 3፣ እሑድ

መጣ። ካሜራዬ መጣ!

ይማም የነገረኝን እንዳልረሳው ልጻፈው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ገባ። ፎቶ ልነሳ አለ። ወንበር ላይ አስቀመጡት። አቶ ከበደ ራሱ ካሜራ አወጣ፣ ቆዳውን ዘረጋው። ቀዩ ልጥፍ ፊት ለፊት።

«ሸጋ ካሜራ ናት» አለው ይማም። «ከየት ገዛሃት?»

«ከአስመራ ናት።»

ይማም፣ ወዳጆቼን ጠርቼ አብረን እንነሣ ብሎ ወጣ። መርካቶ ሄዶ ሁለት የጎንደር ነጋዴዎች ይዞ ተመለሰ። ሦስቱም ቆሙ። ሰውየው ሊያነሣቸው ሲያጎነብስ ይማም ጠጋ ብሎ ያንን ቁራጭ ቆዳ ከልጥፉ ጎን አደረገው። አንድ ቆዳ።

«ይህን የሰፉትን ካህን አውቃቸዋለሁ» አለው። «አስመራን አይተው አያውቁም።»

ሰውየው ላብ በላብ ሆነ ይላል። ተምታታብኝ አለ፤ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ ሠራተኛዬ ነው ያሸገው አለ። ነጋዴዎቹ፣ ተምታቶ ከሆነማ አሁን ይቃና አሉት። የሴትዮዋ ለሴትዮዋ። ስባሪው ላንተ ይመለሳል። ቀብዱ ለእንግልቷ ካሳ ይሁን። አለበለዚያ ከዚህ ተነሥተን ፖሊስ ጣቢያ ነው። አስፈርመውት ወጡ።

ይማም ካሜራውን በጋቢው ጠቅልሎ ከመቀመጫው አጠገብ አድርጎ ነው ያመጣው። ልከፍለው ብል ተቆጣ።

ማንገቻው በታደሰ ላብ እንደ ጠቆረ ነው። አቅፌው ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኛል። ደግሞ አልበረደልኝም። ሰውየው ዛሬም ሱቁን ከፍቶ ጨዋ ደብዳቤ ይጽፋል። ይማም የሌላትስ? አባቷ መርፌ የማይዝስ? እሷ ዛሬ የት ተቀምጣ እያለቀሰች ነው?

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

ስባሪውን መለስኩለት። ይማም ወደ ሳንጃ ስለወረደ በፖስታ ሆነ።

አሁን የሺን ማን ያታልላታል! ቁጥሩን ከመስታወቱ ዙሪያ ገልብጬ ሁለት ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ስንጥቁ ከየት እስከ የት እንደሆነም። አባባና ጎረቤታችን ፈረሙበት። ሳጥኑን ሳልዘጋ ፖ/ቤት ወስጄ ጸሐፊው ፊት አወጣሁት፤ እይ፣ ቁጥሩን አንብብ፣ አሁን እሸገው አልኩት። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ። አንዱ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ግማደ መስቀሉን ልትልኪ ነው እንዴ? አለኝ። አልዞርኩም።

«ዋጋውም ይገመት።»

«የተሰበረ ዕቃ እኮ ነው እመቤቴ።»

«እንደ ስባሪ ይገመት።»

ገመተው።

ኅዳር 11፣ ሰኞ

ተዝካሩ ሆነ። ያለ ድንኳን። ፍትሐቱ ተደረሰ፣ ካህናቱና ድሆቹ ባለው ጠላና ባለው እንጀራ ተሸኙ። ይማም የገብስ ጆንያ አስይዞ መጥቶ ከደጅ ቆሞ አጽናናን። አያ ወልዴ አኩርፎ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ። በላ ግን። ሁለቴ አስጨመረ።

ታደሰ ከዚህ የበለጠ ይፈልግ ነበር? አይመስለኝም። እሱ የሰው ብዛት የሚወደው ፎቶ ሲያነሣ ብቻ ነበር።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

አያ ወልዴ ወደ ዳባት ሊሄድ ሲል ወሬ አመጣ። ደሴ ካሜራ የሚፈልግ ሰው ተገኝቷል፤ ከአቶ ከበደ አብልጦ ይከፍላል፣ በፖስታ ላኪለት።

በፖስታ!

ጆሮዬ ጋለ። ለካ ሌሊት ሌሊት የሚመጣልኝ ቃል ቀን ላይም ይመጣል።

«አያ፣ አልሸጠውም።»

«ምነው? ምን ልትሠሪበት?»

«ላነሣበት።»

«ሴት ፎቶ ታነሣለች?»

«ለጥምቀት ቀሐ ወንዝ ይውረዱና ይዩኝ።»

አባባ ሳል ያዛቸው። ሳል አልነበረም። አያ ወልዴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አይቶ ዱላውን አንሥቶ ወጣ። ደህና ዋዪ ግን አለኝ።

ከዚያ ጨለማውን ክፍል ከፈትኩ። ጠረግሁ። ሳህኖቹን አጠብኩ፣ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አሸተትኩ። ማጠቢያው መድኃኒት ደህና ነው። ወረቀት አለ። ፊልም የለም። አንድም። ታደሰ የሚያስመጣው ከአስመራ ነበር። በምን ነበር የሚያስመጣው?

ደብተሬ፣ ሳቂ። በፖስታ።

የአስመራውን ሱቅ አድራሻ ፈልጌ ዛሬውኑ ጻፍኩላቸው። በአደራ ይላክልኝ፣ ዋጋው ተገምቶ፣ ሲታሸግ ያየ ሰው ፈርሞበት። ሲደርስም ሳጥኑን እዚያው ጸሐፊው ፊት ከፍቼ ነው የምረከብ፤ ሰልፉ እንደ ፈለገ ያጉረምርም።