የቅሬታ ስልክዎ እኔ ክፍል እንደሚጮኽ ስለማሳወቅ

ለተከበሩ የመጪው ዘመን ሥራ ዝግጅት ቢሮ ዋና ኃላፊ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ኮሪደር

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ሽታው በደረጃው ወርዶ እስከ እኔ ክፍል የደረሰው የቢሮዎ አዲስ ቀለም ራስዎን እንዳላዞረዎት፣ ምንጣፉም ለጉልበትዎ እንደተስማማ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ በቢሮዎ ማስታወቂያ መሠረትም እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ ደህና እሆናለሁ።

ድምጼን እንጂ እኔን አያውቁኝ ይሆናልና ራሴን ላስተዋውቅ። በዚሁ ሕንጻ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ለሃያ ስድስት ዓመት ስልክ ሳገናኝ የኖርኩ ዓይነ ስውር ሠራተኛ ነኝ። ከሕንጻው ውስጥ ዜሮን የደወለ ሁሉ እኔን ስለሚያገኝ ስሜ «እትዬ ዜሮ» ሆኖ ቀርቷል፤ ያወጣልኝ የቀድሞው ዘበኛ ነው፣ ክፋት አልነበረበትም፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ በልጅነቴ በተማርኩበት ታይፕራይተር በገዛ ጣቴ የመታሁት ነውና ግድፈት ቢያገኙበት ወቀሳው ለእኔ ብቻ ይሁን።

ቢሮዎ መንግሥትንና ሠራተኛውን ለሚለዋወጠው የሥራ ዓለም ለማዘጋጀት ስላሳየው ትጋት ምስጋናዬ ብዙ ነው። ብዛቱ እንዳያሰለችዎ በቁጥር ከፍዬዋለሁ።

1ኛ. «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» በሚል መሪ ቃል ለሦስት ቀን ስላካሄዱት ጉባኤ አመሰግናለሁ። መሪ ቃሉ በትልቅ ጨርቅ ተጽፎ እንደተሰቀለ የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ የጨርቁ ማንጠልጠያ ብረት የክፍሌን በር ግማሽ ስለዘጋው ግን እኔም በግንባሬ አንብቤዋለሁ። በእነዚያ ቀናት አዲሱ የስልክ መሣሪያ ገና አልሠራ ብሎ ስለነበር፣ ስለ መሣሪያዎች ዘመን ሊያስተምሩ የመጡትን ምሁራን ከየቢሯቸውና ከየባለቤቶቻቸው ጋር ሳገናኝ የዋልኩት እኔ ነበርኩ። የእኔ ሥራ «ከሚጠፉት ሥራዎች» ተርታ መመደቡን ከቃለ ጉባኤ ያዡ የሰማሁትም ለጉባኤው ሊቀ መንበር መስመር ይዤ ስጠባበቅ ነውና ለማዘን እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። ስለ ሥራችን ሦስት ቀን ሙሉ ሲመከር ከምድር ቤቱ ሠራተኛ አንድ ሰው እንኳ ያልተጠራው ወንበር አንሶ እንደሆነ እረዳለሁ።

2ኛ. በመጨረሻ መሥራት ስለጀመረችው መልስ ሰጪ መሣሪያም አመሰግናለሁ። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ ትሕትናዋ አያልቅም፣ ሽንት ቤት አትሄድም፣ ጉንፋንም አይዛትም፤ ለሥልጠና አንድን፣ ለቅጥር ሁለትን ይጫኑ እያለች ሳትታክት እስከ ዘጠኝ ትቆጥራለች። አንድ ጆሯቸው የደከመ አናጺ አራት ጊዜ ደውለው፣ አራት ጊዜ «ምርጫዎን ስላላስገቡ እናዝናለን» ተብለው ከተዘጋባቸው በኋላ በእግራቸው መጥተው፣ «ልጄ፣ ያቺ ሴትዮ ምን አድርጌያት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ምንም እንዳላደረጓትና ጠባይዋ ለሁሉም አንድ እንደሆነ አስረድቼ፣ ወንበር ላይ አሳረፍኳቸው።

3ኛ. ስለ ሥልጠናው ምዝገባ። ሥራቸው የሚጠፋ ሠራተኞች እስከ ወሩ መጨረሻ ለአዲስ ሙያ እንዲመዘገቡ፣ ያልተመዘገበም «በገዛ ፈቃዱ ሥራውን እንደለቀቀ እንደሚቆጠር» ማስታወቂያዎ ስለሚል፣ ፈቃዴ እንዳልሆነ ለማስመስከር ሃምሳ ስምንቱን ደረጃ ቆጥሬ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። መዝጋቢው የሥልጠናዎቹን ዝርዝር አነበበልኝ። ፎቶግራፍ ማሳመር አለ፤ ድሮን ማብረር አለ፤ ከግርጌ ደግሞ «የጥሪ ማእከል ባለሙያነት» የሚባል አለ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ ስልክ አንስቶ የደዋዩን ጉዳይ መስማትና ወደሚመለከተው ክፍል ማስተላለፍ ነው አለኝ። ክቡርነትዎ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት ሥራ ከምድር ቤት ጠፋ ሲባል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስሙን ቀይሮ በማግኘቴ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። አንድ ቦታ ብቻ ነበር የቀረው፤ ጻፈኝ አልኩት።

ለካስ የሚጽፈው እሱ አይደለም። አመልካቹ መሣሪያ ሳይሆን ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ፣ በስክሪኑ ላይ ከሚቀርቡት ዘጠኝ ሥዕሎች የትራፊክ መብራት ያለባቸውን እየለየ በጣቱ መንካት አለበት። መዝጋቢው ጨዋ ሰው ነው፤ «እትዬ፣ እኔ ብነካልዎት ደስ ባለኝ፣ መመሪያው ግን አመልካቹ ራሱ ይንካ ይላል» አለኝ። ለማያይ ሰው በድምጽ የሚሠራ ሌላ መንገድ እንደነበረ፣ ነገር ግን የቢሮው ጸጥታ እንዳይታወክ ሲባል የኮምፒውተሮቹ ድምጽ ማጉያ እንደተነቀለም በዝግታ ገለጸልኝ። በግምት ነካሁ። ስድስት ጊዜ ነካሁ። በስድስተኛው ስክሪኑ ሰው መሆኔን ተጠራጥሮ ለአንድ ሳምንት አገደኝ። በጽሑፍ ባመለክት፣ የጽሑፍ ማመልከቻ የሚገባው በስክሪኑ በኩል ነው የሚል መልስ ደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች የቁራ መልእክተኛ ሆነው ቀርተዋል።

4ኛ. ትልቁ ምስጋናዬ ስለ ቅሬታ መስመሩ ነው። መሣሪያዋን የተከለው ቴክኒሻን ቁጥር ዘጠኝን፣ ማለትም የቅሬታ ቁጥሩን፣ ወደ ማን ላዙረው ብሎ ቢሮዎን ሲጠይቅ፣ ቅሬታ የሚቀበል ክፍል ገና ስላልተዋቀረ «ለጊዜው ወደ ዜሮ ይዙር» ተባለ። ያ ጊዜ ሰባት ወር ሆነው። ስለዚህ መጪው ዘመን ያስጨነቀው ዜጋ ሁሉ ዘጠኝን ሲጫን የሚጮኸው የእኔ ስልክ ነው፤ እኔም በሥርዓት «የቅሬታ ክፍል፣ ምን ልታዘዝ» እያልኩ አነሳለሁ። መስኮቷ የተዘጋባት የባንክ ሠራተኛ ደውላ አልቅሳብኛለች። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ ሰድቦኛል፤ ስድቡ ለእርስዎ ስለነበር በአደራ አስቀምጬዋለሁ። ከማተሚያ ቤት የተሰናበቱ አንድ አራሚ ደግሞ ስለ ራሳቸው ምንም ሳይሉ የማስታወቂያዎን ስህተቶች በተራ አስመዝግበውኛል። ሁሉንም በታይፕ እየመታሁ በፋይል አኑሬያለሁ፤ እስከ ትናንት አራት መቶ አሥራ ሁለት ደርሰዋል፣ የት ደረሱ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።

ጥፋቴንም ልናዘዝ። አንዲት የልብስ ፋብሪካ ኃላፊ፣ መኪናው የሚያበላሸውን ስፌት በእጅ የሚያቃና ሰው አጣሁ ብላ ስታማርር፣ ሱቁን የዘጋ አንድ ልብስ ሰፊ በዚያው ሰሞን መደወሉ ትዝ አለኝና ሁለቱን በአንድ መስመር አገናኘኋቸው። ሰኞ ሥራ ገባ። ከዚያ በኋላ እጄን መሰብሰብ አቃተኝ፤ ጆሯቸው የደከመውን አናጺ ዴስኮቹ ከተሰባበሩበት ትምህርት ቤት ጋር አገናኘሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሠላሳ አንድ ሰው ሥራ ገባ። ያለ ስትራቴጂና ያለ መሪ ቃል የተፈጸመ ስለሆነ በሪፖርትዎ ሊካተት እንደማይችል አውቃለሁ፤ ስለ ድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መንግሥት ለመጪው ዘመን እንዴት ይዘጋጅ ብሎ የጠየቀኝ ባይኖርም፣ ማን ያውራ የነበረ ነውና ካነሳሁት ስልክ የተማርኩትን ልናገር። ሰዎቹ መሣሪያ አይጠሉም። የሚያንገበግባቸው ስለ እነሱ ተመክሮ ካለቀ በኋላ በማስታወቂያ መስማታቸው ነው፤ ሥራው ከመጥፋቱ በፊት የሚጠይቃቸው ሰው ቢኖር ግማሾቹ መፍትሔውን ራሳቸው ያውቁት ነበር። የቀሩት ደግሞ የሚሰማቸው አንድ ሰውና ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

አሁን ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልንገርዎት፤ ፈርቻለሁ። ዓይኔ ጠፍቶ የተወለድኩ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ «ይቺ እንግዲህ በር ላይ ተቀምጣ ፀሐይ የምትሞቅ ናት» ሲል፣ አባቴ ነው እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ከቤቴ ስወጣ ያንን በር በደስታ ነው የማልፈው። ምዝገባው ሊዘጋ ሰባት ቀን ቀርቶታል፤ መዝጋቢው ትናንት እንደነገረኝ ያቺ አንድ ቦታ እስካሁን አልተያዘችም። የምለምንዎ፣ የነቀሉት ድምጽ ማጉያ ለአምስት ደቂቃ ተመልሶ እንዲሰካልኝ ነው። ይህ የቢሮዎን ጸጥታ የሚያውክ ከሆነ ደግሞ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ዘጠኝን የሚያነሳው ማን እንደሆነ በወቅቱ እንዲያሳውቁኝ፣ ፋይሉን በእጁ ላስረክበው።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይነቀል ወንበርና ጸጥ ያለ ኮሪደር ከልብ እየተመኘሁ፣ ከደረጃው ሥር ሆኜ ከፍ ያለ አክብሮቴን ወደ ላይ አቀርባለሁ።

የዜሮም የዘጠኝም ተጠሪ፣
እትዬ ዜሮ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ዘጠኝን ተጭነው፣ ስማቸውን ሳይናገሩ፣ አዲስ የሚመጣው መሣሪያ የኃላፊዎችንም ውሳኔ ይሰጣል የሚባለው እውነት እንደሆነ፣ እውነት ከሆነም ዕድሜያቸው አምሳ ስምንት የሆነ አንድ «ወዳጃቸው» የሚመዘገቡበት ሥልጠና ይኖር እንደሆነ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ጠይቀውኛል። ጥያቄው በተራ ቁጥር 409 ተመዝግቧል። እርስዎ የእኔን ድምጽ ባይለዩትም፣ እኔ ግን ያንን ድምጽ ሰባት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ከሦስተኛ ፎቅ «መስመር ስጪኝ» ሲለኝ ስለሰማሁት አልሳትኩትም። ለወዳጅዎ ይንገሩልኝ፤ በጥሪ ማእከሉ ሥልጠና አንድ ቦታ አለ፣ ቶሎ ብለው ይመዝገቡ። እሳቸው ሥዕሎቹን ያያሉ።