«ዛሬ ሐይቁ ዳር ነን»

ውድ አባዬ፣

ይህን የምጽፍልህ አንተ ተቀምጠህበት ከነበረው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። የትኛው እንደሆነ ያሳየችኝ ሻይ ሻጯ ናት። አንድ እግሩ ስለሚወላገድ ደንበኛ ሁሉ ይሸሸዋል። አንተ ግን ሐይቁንም ዋናውን መንገድም አንድ ላይ የሚያሳየው ይሄ ነው ብለህ ሌላ አልፈልግም አልክ አሉ።

ከተነጋገርን ከዓመት በላይ ሆኖን ነበር፤ የመጨረሻው ራሱ ንግግር ከተባለ ማለቴ ነው። ከኢንሹራንስ ኩባንያው መልቀቄን ልነግርህ ስመጣ ስፌት ማሽንህ ላይ አጎንብሰህ የደንበኛ ሱሪ ታሳጥር ነበር። ባለቤቴም ሥራውን እንደለቀቀ፣ ዕቃችንን ሸጠን አሮጌ ሚኒባስ እንደገዛን፣ ውስጧ አልጋና ምድጃ ገጥመን አገር ለአገር እየዞርን እንደምንኖር፣ ጉዟችንን በቪዲዮ እያሳየን እንደምንተዳደር በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩልህ። ማሽኑን እንኳ አላቆምክም። «ቤት የሌለው ሰው ቤት ሲመኝ አይቻለሁ። ቤት ያለው ሰው ጎማ ላይ ልተኛ ሲል ግን ባንቺ አየሁ» አልከኝ። ቀጥለህም «በይ ሂጂ፣ ሥራ አስኪያጅ» አልክ። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ ስም ስትጠራኝ እየሳቅክ ነበር። የዚያን ቀን አልሳቅክም።

አልተቀየምኩህም። ለመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ኮት የሰፋህልኝ አንተ ነህ፤ ሰፈሩን ሁሉ እየዞርክ «ልጄ ፎቅ ላይ ነው የምትሠራው» ያልክም አንተ ነህ። ኮቱ ውስጥ ያለችውን ሰው ግን አላየሃትም። የኔ ሥራ መኪናው ለተጋጨበት፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ካሳ የማይከፈልበትን ምክንያት ፈልጎ በትህትና መጻፍ ነበር። ጎበዝም ነበርኩ። በስብሰባ ላይ አለቃዬ ሲያጨበጭብልኝ ዓይኔን ከፋይሉ ላይ አላነሳም ነበር። ይህን ልነግርህ አፌን ስከፍት ማሽኑ ድምፄን ዋጠው፤ እኔም እልህ ያዘኝና ወጣሁ።

መንገዱም እንደሚታየው አልነበረም፣ አባዬ። ተቃቅፈን ፀሐይ ስትወጣ የምናይበትን ለመቅረጽ ባለቤቴ «እንደገና፣ አሁንም እንደገና» ሲል ፀሐይዋ አናታችን ላይ ትደርሳለች። ፍራሹ ነጋ ጠባ እርጥብ ነው። ፀጉሬን የምታጠበው ነዳጅ ማደያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነበር። ካሜራው ሲበራ ኩርፊያችንን እናቋርጣለን፤ ሲጠፋ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ከአንድ አለቃ አምልጠን ለማናውቀው ሕዝብ ሁሉ ተቀጠርን።

አንድ ምሽት ላይ የማናውቀው ሰውዬ መጥቶ የሚኒባሷን በር ደበደበ። «ዛሬ እዚህ ነን ስላላችሁ መጣሁ» አለ በመስኮቱ እያጮለቀ፤ አልሄድ ብሎ እየዞረ ሲስቅብን ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮውን የምንለቀው ቦታውን ለቀን ከራቅን በኋላ ሆነ። በየቀኑ አንድ አንድ እንዲወጣ አሰናድተን እናስቀምጠዋለን፤ እኛ ኔትወርክ በሌለበት ብንሆንም በሰዓቱ ራሱ ይወጣል። ዘዴው ጥሩ ነበር። ብቻ አፋችን «ዛሬ» ማለቱን አልተወም። «ትናንት የተበላ እራት ማን ያያል?» ይል ነበር ባለቤቴ። እኔም እየሳቅኩ ካሜራውን አይቼ፣ የከተማውን ስም ጠርቼ «ዛሬ ሐይቁ ዳር ነን» አልኩ። ያ ቪዲዮ ወደ ሰው ሲወጣ እኛ ከሐይቁ ርቀን ተራራ ላይ ነበርን።

ከተራራው ስንወርድ ስልኬ የወንድሜን ጥሪዎች አከታትሎ ለቀቃቸው። ቤት ስደርስ ተቀብረህ አልቋል። ወንድሜ ለለቀስተኛው ሁሉ «አባዬ መጨረሻ ላይ አእምሮውን ስቶ ነበር» እያለ ያስረዳል። ምን ያድርግ? ሱቅህን ዘግተህ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ዘመድ ወዳጅ በሌለህ ከተማ ሐይቅ ዳር ወድቀህ ተገኘህ። የከተማውን ስም ሲጠራ ክው ብዬ ቀረሁ። እሱ ከሄድኩ ጀምሮ የኔን ቪዲዮ ላለማየት ምሏል፤ አንተም የምታይ አልመሰለውም። ጎረቤቶችህ «ውይ፣ ያ ብልህ ሰው!» እያሉ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የነቃህ አንተን በእብደት አሰናበቱህ፣ እኔም ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

እኛን ፍለጋ ሐይቁ ዳር እንደሄድክ ለባለቤቴ ብቻ ነገርኩት። አለቀሰ፤ እውነቱን ልናገርለት፣ አልቅሷል። ከዚያ «ተይው። አባትሽን ከእንግዲህ ምንም አይጎዳውም። ከተናገርሽ ግን ወንድምሽን ታጪያለሽ፤ ያለሽ እሱ ብቻ ነው» አለኝ። ፊቱን በእጁ ጠርጎ ደግሞ «ስለ ሐዘንሽ አንድ ነገር ብንሠራ ግን ሰው ይረዳሽ ነበር» አለ። ካሜራውን አልነካም፤ ዓይኑ ግን ወደ እሱ ሄዶ ተመለሰ። ሚኒባሷን ለእሱ ትቼለት በሕዝብ አውቶቡስ ወደዚህ መጣሁ።

ሻይ ሻጯ ገና ስታየኝ ኩባያውን ከእጇ አስቀመጠች። «አንቺ የስልኩ ልጅ አይደለሽም?» አለች። «አባትሽ ሲያሳዩኝ ነበር እኮ። በየሰዓቱ ነው የሚያሳዩኝ!»

«ተቆጥተው ነበር?» አልኳት። ከዚህ ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም። ልትታረቀኝ ይሁን ጎትተህ ልትመልሰኝ የመጣኸው፣ መንገዱን ሙሉ የበላኝ እሱ ነው።

«ምኑን አውቃለሁ እናቴ? ፀጉራቸውን ተስተካክለዋል፤ ሸሚዛቸው የተተኮሰ ነው። እንዲህ ያለ መኪና እዚህ አላየሁም፣ ይግቡ ወደ ቤትዎ፣ ልጆቹ ሄደው ይሆናል አልኳቸው። ‹ዛሬ እዚህ ነኝ ብላለች፤ ልጄ አትዋሽም› አሉኝ። እኔም ሻያቸውን ቀዳሁላቸው።»

እንደነገረችኝ ከሆነ በማግስቱ ጠዋት ልትመለስ አውቶቡስ ተራ ደርሰህ ነበር። እዚያ ሆነህ ስልክህን ስትከፍት ሁለተኛው ቪዲዮ ወጥቷል። እኔና ባለቤቴ በባዶ እግራችን ውኃ እየተረጫጨን «ዛሬም እዚሁ ነን፣ ቦታው አልለቅ አለን!» እንላለን። አንተ ተመልሰህ መጣህ። ሻይ ሻጯን «አላልኩሽም?» ብለህ እየሳቅክ ተቀመጥክ። ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ጥላው ይግቡ ብትልህ ከዚያ መንገዱ አይታይም አልካት። ከሰዓት በኋላ ሻይ ልትደግምልህ ስትመጣ አንገትህ ዘንበል ብሏል፤ እንቅልፍ መስሏት ቀስ ብላ ተመለሰች።

አባዬ፣ ካሳ የማይከፈልበትን ምክንያት ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝና ለራሴም ፈለግኩ። በሩን የደበደበውን ሰውዬ አነሳሁ፤ ባለቤቴን አነሳሁ፤ ያንተን ኩርፊያ ሳይቀር አነሳሁ። አንድ ስልክ ብትደውልልኝ ኖሮ አልኩ። ሁሉንም ጽፌ ብጨርሰው አንተ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥክ ነህ።

ስለዚህ አሁን፣ እዚህ ገጽ ላይ ሳለሁ፣ ለወንድሜ ደወልኩለት።

«አባዬ አልሳተም» አልኩት። «እኔን ፍለጋ ነው የመጣው። ዛሬ እዚህ ነን ስል በስልክ አይቶኝ፣ አምኖኝ ነው የመጣው። እኔ ግን አልነበርኩም። ከሄድን ቆይተናል። ለሰው ሁሉ ንገርልኝ፤ አባዬ አላበደም።»

የዘጋው መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልዘጋም። ትንፋሹ ይሰማል።

«አሁን የት ነሽ?» አለኝ።

«ሐይቁ ዳር ነኝ። አባዬ የነበረበት ቦታ ተቀምጫለሁ።»

«በምን ልመንሽ?» አለና ዘጋው።

ይመጣ ይሆናል፣ ላይመጣም ይችላል። እጠብቀዋለሁ፣ አባዬ። ከዚህ አልነሳም።

ከሐይቁ ዳር፣
ልጅህ