ወንድማቸውን በበርሜል ዜማ ያለቀሱት ወ/ሮ ሜርል ጆዜፍ

ወ/ሮ ሜርል ጆዜፍ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሐና፣ ከአባታቸው ከአቶ ኸርበርት ጆዜፍና ከእናታቸው ከወ/ሮ አይሪስ፣ በካሪቢያን ባሕር ላይ በምትገኘው በትሪኒዳድ ደሴት፣ ፖርት ኦፍ ስፔን ከተማ፣ ኅዳር 12 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የወደብ ሠራተኛ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ዊንስተን፣ ታናሽ እህታቸው ሲንቲያ ይባላሉ።

በዚያች ደሴት ሰዎች የነዳጅ በርሜል ቆርጠው፣ ክዳኑን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ስቲልፓን የሚባል የዜማ መሣሪያ ይሠራሉ። አቶ ዊንስተን በዚህ ሙያ በሰፈራቸው የታወቁ ነበሩ። በጊዜው ጨዋ ቤተሰብ ሴት ልጁን በርሜል መቺዎች ወደሚሰበሰቡበት ግቢ አይልክም፤ አቶ ኸርበርትም አጥብቀው ከለከሉ። ወንድማቸው ግን አንዱን በርሜል ከቤቱ ጀርባ ሰቅለው፣ አባታቸው ሥራ በዋሉ ቁጥር እህታቸውን ያስተምሯቸው ነበር።

ወ/ሮ ሜርል ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው ካጠናቀቁ በኋላ በመምህርነት ሠለጠኑ። በ1964 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ መምህርት ሆነው ወደ አዲስ አበባ በመምጣት አራዳ ውስጥ በሚገኝ ትምህርት ቤት ተቀጠሩ። አማርኛን የተማሩት ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ልጆች በመሆኑ፣ ለብዙ ጊዜ ርእሰ መምህሩን ሳይቀር «አንተ» እያሉ ይጠሩ ነበር።

ከባለቤታቸው ከአቶ ካሣሁን ጋር የተዋወቁት በርሜል ሊገዙ ሄደው ነው። አቶ ካሣሁን ከጉራጌ አገር መጥተው በዶሮ ማነቂያ ባዶ በርሜል የሚነግዱ ወጣት ነበሩ። ወ/ሮ ሜርል በርሜሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እያንኳኩ ጆሯቸውን ሲያስጠጉ አይተው፣ «እመቤት፣ በርሜል እኮ እንደ ሐብሐብ እየተንኳኳ አይመረጥም! ለውሃ ከሆነ ሁሉም አንድ ነው» አሏቸው። «ለውሃ አይደለም፣ ለዘፈን ነው» ብለው መለሱላቸው። አቶ ካሣሁን የሚሆነውን ለማየት በርሜሉን ራሳቸው ተሸክመው ቤታቸው ድረስ አደረሱላቸው። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. ወ/ሮ ሜርል ክርስትና ተነሥተው፣ ሁለቱ በአራዳ ጊዮርጊስ ተጋቡ። ኤደንና ተስፋ የተባሉ ልጆችንም ወለዱ።

ወ/ሮ ሜርል የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስበው ያቋቋሙት የበርሜል ባንድ በደርግ ዘመን በቀበሌው ኪነት ቡድን ሥር ገብቶ ቆየ። በ1978 ዓ.ም. አቶ ዊንስተን አረፉ። የጉዞ ፈቃድ ባለመገኘቱ ወ/ሮ ሜርል ሄደው ሊቀብሯቸው አልቻሉም። የሰፈሩ እድር መርዶውን አርድቶ ድንኳን ጣለ። በሠልስቱ ዕለት ወ/ሮ ሜርል ስቲልፓናቸውን ይዘው ድንኳኑ ውስጥ ገቡና መምታት ጀመሩ። ሬዲዮ እንኳ በማይከፈትበት ልቅሶ ቤት ይህ ነውር ነበር። ጎረቤታቸው ወ/ሮ ትርሓስ፣ «ልቅሶ ላይ ዘፈን? ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጉድ ነው!» ብለው ተነሥተው ወጡ፤ ሌሎች ሴቶችም ተከተሏቸው። ከእድሩ ይሰረዙ የሚሉ በመነሣታቸው ሽማግሌዎች አስጠሯቸው።

«እናንተ አልቃሽ አላችሁ» አሉ ወ/ሮ ሜርል፤ «የኔ አልቃሽ ይሄ ነው። ያስተማረኝ እሱ ነው። ታዲያ ወንድሜን በምን ላልቅሰው?»

ሽማግሌዎቹ ለረጅም ጊዜ ተከራከሩ። በመጨረሻም የእድሩ ዳኛ አቶ እምሩ፣ «ሙሾ በአፍ ብቻ ነው የሚል ደንብ የለንም» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ወ/ሮ ትርሓስ ግን ሰላምታ እንኳ አቋረጡ።

በ1980 ዓ.ም. የወ/ሮ ትርሓስ ልጅ የማነ በጦርነት ላይ መሞቱ ተረዳ። ወ/ሮ ሜርል ለቅሶ ለመድረስ ሄደው፣ እንዳያስቀይሙ በመስጋት ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ወ/ሮ ትርሓስ ከመደባቸው ሆነው አዩዋቸውና፣ «ሜርል፣ ባዶ እጅሽን ነው የመጣሽው? ሂጂ፣ ያንን የወንድምሽን ልቅሶ ለልጄም አምጪለት» አሏቸው። ወ/ሮ ሜርል በርሜላቸውን አምጥተው እስኪመሽ ድረስ መቱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ተለያይተው አያውቁም።

ባንዱም በየዓመቱ የአቶ ዊንስተንን ሙት ዓመት ጠብቆ፣ በዓመቱ ውስጥ ያረፉ የካሪቢያን ሙዚቀኞችን የሚያስብበት ቀን ያዘ። ወ/ሮ ሜርል የእያንዳንዱን ሟች ስም፣ የመጣበትን ደሴትና የተጫወተውን ጠርተው ካስረዱ በኋላ ባንዱ ይመታል። የሰፈራችን ሰው ባርቤዶስንና ግሬናዳን ያወቀው በሙታኖቻቸው በኩል ነው። ፒያሳ ይጫወቱ የነበሩት ጃማይካዊው የጊታር ባለሙያ አቶ ዴዝመንድ ያለ ዘመድ ባረፉ ጊዜም፣ ወ/ሮ ሜርል እህት ሆነው ልቅሶ ተቀመጡላቸው።

ባለቤታቸው በ1999 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ባንዱን ለብቻቸው መሩ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን በልማት ሲነሣ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። ከባንዱ ልጆች ግማሾቹ በየአቅጣጫው በመበታተናቸው ባንዱ ያበቃለት መስሎን ነበር። እሳቸው ግን በእያንዳንዳቸው ስልክ እየደወሉ፣ «ታክሲ አለ አይደል? ምን ሆናችሁ ነው?» እያሉ መልሰው ሰበሰቧቸው። ዓምና ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ቢይዝባቸውም፣ ተኝተው እያዳመጡ ያርሙ ነበር። ሥራውን ለተማሪያቸው ለፈይሩዝ አስረክበዋል።

ወ/ሮ ሜርል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ረቡዕ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በልጆቻቸው መካከል ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ።

እህታቸው ወ/ሮ ሲንቲያ በፖርት ኦፍ ስፔን ሆነው ይህን ንባብ በስልክ እየሰሙ ነው። አማርኛ ስለማያውቁ እየተረጎምን ልናሳጥርላቸው ብንጠይቃቸው፣ «አታሳጥሩት፤ ስሟ ሲጠራ እሰማለሁ» ብለውናል።

ወ/ሮ ሜርል ጆዜፍ። እንግዳ ሆነው የመጡትን እናት አድርጎ የሰጠን አምላክ፣ ነፍሳቸውን በደጋጎች ማረፊያ ይቀበልልን፤ ወዲህም ወዲያም ማዶ ላለነው ሐዘንተኞች መጽናናትን ይስጠን። አሜን።

የሺዓለም፣ የባለቤታቸው የእህት ልጅ