ጋሼ ማንኪያና የጉድጓዱ ማር

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ማንኪያ» እያለ የሚጠራቸው አጎታችን ከሚዛን ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1930 ዓ.ም. ተወለዱ። በተወለዱበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥገና የመጡ ሚዛኖች ይሰቀሉ ነበርና መስኮቱ ሲከፈት ሁሉም በአንድነት ይወዛወዛሉ። ሕፃኑ ያንን እያየ እንቅልፍ ይወስደው እንደነበር አያታችን ያወሩን ነበር።

ትምህርታቸውን ጨርሰው የላቦራቶሪ ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም. ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ መሸጥን የሚከለክለው ሕግ ሲወጣ ከመጀመሪያዎቹ ተቆጣጣሪዎች አንዱ ሆኑ። ቢሮው ሁለት ክፍልና አንድ ጓሮ ነበር። ከኮታቸው ኪስ ማንኪያ ስለማይጠፋ ቅጽል ስሙ ወጣላቸው። ወተት ላይ ውሃ፣ ዱቄት ላይ ኖራ የሚጨምር ነጋዴ ከሩቅ ሲያያቸው ሱቁን ይዘጋል። በእንግድነት ሄደው እንኳ ቀምሰው ዝም ካሉ የቤቱ እመቤት ትደነግጥ ነበር።

ያን ጊዜ የባሰው ማር ነው። ስኳር አቅልጠው ማር ነው የሚሉ ስለበዙ፣ ጋሼ ከነጋዴዎቹ የወረሱትን በርሜል ሁሉ በቢሮው ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍረው አስደፉት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታርፍበት ጉድጓዱ ወርቅ የተኛበት ይመስል ነበር። ሽታው በመስኮት እየገባ ጸሐፊዋን በሥራ ሰዓት ያስተኛታል።

በዓመቱ፣ ከአባታቸው በወረሱት ቀፎ የሚተዳደሩ አንዲት ወጣት ንብ አርቢ ማራቸው ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። ጋሼ ከሰሷቸው። ሴትየዋ ስኳር ለሻይ እንኳ ገዝቼ አላውቅም ብለው ማሉ። ከተፈረደባቸው ቀፎው ይቃጠላል፣ ስማቸውም አብሮ ይጠፋል።

ጋሼ ማሩን ደግመው ሲቀምሱት ጣዕሙን የሚያውቁት መሰላቸው። ወደ ጓሮ ወጡ። ጉድጓዱ በንብ ተሸፍኖ ያጉረመርማል። ከተወረሰው ዱቄት እፍኝ ሙሉ ዘግነው በተኑባቸው። ነጫጭ ንቦች ቀስ ብለው ከአጥሩ በላይ ተነሡ። ጋሼም ዓይናቸውን ሰማይ ላይ ሰቅለው፣ ከመንገደኛው ጋር እየተጋጩ፣ አንዷን ሲያጡ ቆመው ሌላዋን እየጠበቁ ተከተሏቸው። አመሻሹ ላይ ነጫጮቹ ንቦች አንድ በአንድ ከሴትየዋ ቀፎ ሲገቡ አዩ።

አለቃቸው ነገሩን ሲሰሙ፣ ይህን ብትናገር ገና ዳዴ የሚለውን ሕግ መሳቂያ ታደርገዋለህ፣ እንጀራህም ይቀራል ብለው መከሯቸው። ጋሼ ሰነበቱና ችሎት ፊት ቆመው፣ «ክቡር ዳኛ፣ ማሩ ውስጥ ስኳር አለ። ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ፤ ጉድጓዱን ክፍት ትቼ ንቦቿን ያበላሁት እኔ ነኝ» አሉ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ንብ አርቢዋ ነፃ ወጡ፤ ጋሼ ከሥራ ተባረሩ።

አንዴ የጠፋ ስም ግን በፍርድ ብቻ መች ይመለሳል? የሴትየዋን ማር የሚገዛ ጠፋ። ጋሼም በየጠዋቱ በሴትየዋ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው፣ አላፊ አግዳሚው እያየ፣ የአዲሱን ዓመት ማር በማንኪያ ይበሉ ጀመር። እሳቸው ከበሉትማ ምን ይጠረጠራል እያለ ገበያተኛው ተመለሰ። በ1957 ዓ.ም. ጋሼና ንብ አርቢዋ ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ቢሮውም መልሶ ቀጠራቸውና ጡረታ እስኪወጡ አገለገሉ። ሲመለሱ የመጀመሪያ ሥራቸው ከፍርዱ ወዲህ በቆርቆሮ ተከድኖ የቆየውን ጉድጓድ ማስደፈን ነበር።

በስተርጅና ሐኪም ደማቸው ውስጥ ስኳር አገኘ። እንደ ከሰሷቸው ነጋዴዎች ሁሉ እሳቸውም ምርመራው ይደገምልኝ ብለው ተከራከሩ። ለዓመታት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን የእህት ልጆቻቸውን ትተውን ሄደዋል። ለእኛ መጽናናቱን ይስጠን። ጋሼ ግን ጥፋታቸውን በገዛ አፋቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው የተናገሩ ሰው ናቸውና፣ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳይመረምር ይቀበልልን።